በዊንዶውስም በሊኑክስም የማይሰበር የፋይል ፓዝ አጻጻፍ፦ የአሠራር መመሪያ

ሐዋሳ ውስጥ ለሆቴል፣ ለክሊኒክና ለመንግሥት መሥሪያ ቤት ፕሮግራም የሚጽፉ ወጣቶች ደጋግመው የሚያቀርቡልኝ ጥያቄ አንድ ነው፤ «ላፕቶፔ ላይ በትክክል የሚሠራው ፕሮግራም ሰርቨር ላይ ስጭነው ፋይሉን አላገኘሁም የሚለኝ ለምንድን ነው?» ላፕቶፑ ብዙውን ጊዜ ዊንዶውስ፣ ሰርቨሩ ደግሞ ሊኑክስ ነው። ምክንያቱም አብዛኛውን ጊዜ የሚገኘው ፋይሉ ያለበትን ቦታ በሚገልጸው ጽሑፍ፣ ማለትም በፓዙ አጻጻፍ ላይ ነው። ከዚህ በታች ያሉትን ደረጃዎች በቅደም ተከተል ከተከተሉ ያንኑ ኮድ ሳይቀይሩ በዊንዶውስ፣ በሊኑክስና በማክ ላይ ማስኬድ ይችላሉ።

በጽሑፉ ውስጥ «ስላሽ» የምለው ይህን / ምልክት፣ «ባክስላሽ» የምለው ደግሞ ይህን \ ምልክት ነው። የፎልደርና የፋይል ስሞችን በአማርኛ አድርጌአቸዋለሁ። የፕሮግራሚንግ ቋንቋዎቹን ትእዛዞች በንባባቸው ስለጻፍኳቸው ኮድዎ ውስጥ ሲያስገቧቸው በላቲን ፊደል ይጻፏቸው።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- የፕሮግራሙ ሙሉ ኮድ፣ በተለይም በጊት (የኮድ ለውጦችን መዝግቦ በሚይዝ ፕሮግራም) የተያዘ ቅጂ
- በሁሉም ፋይሎች ውስጥ ጽሑፍ መፈለግ የሚችል ኤዲተር
- አንድ ዊንዶውስ ኮምፒውተርና አንድ ሊኑክስ፤ ሁለተኛ ማሽን ከሌለዎት ዊንዶውስ ላይ ተጭኖ ሊኑክስን የሚያስኬደው ደብልዩኤስኤል ይበቃል
- የፕሮግራሙ ዳታቤዝና ተጠቃሚዎች እስካሁን የጫኗቸው ፋይሎች ባክአፕ

ማስጠንቀቂያ፦ ባክአፑን ሳይዙ ወደ ደረጃ 6 እና ከዚያ በኋላ ወዳሉት ደረጃዎች አይሂዱ። እነዚያ ደረጃዎች ቀድሞ የተቀመጡ ፋይሎችን ስም ይነካሉ፤ አንዴ ተደራርቦ የጠፋ ፋይል ደግሞ ኮዱን በማረም አይመለስም።

ደረጃ 1፦ በእጅ የተጻፉ ፓዞችን ይለዩ

ኤዲተርዎን ከፍተው በመጀመሪያ ባክስላሽን፣ ቀጥሎም በጥቅስ ምልክት ውስጥ ያለ ስላሽን ይፈልጉ። የፎልደር ስምንና የፋይል ስምን በመደመር ምልክት የሚያያይዙ መስመሮችንም ይመዝግቡ። የሚያገኙት ሁሉ የፋይል ፓዝ አይሆንም፤ ከፊሉ የድረ ገጽ አድራሻ፣ ከፊሉ ሬጌክስ (ጽሑፍ መፈለጊያ ቀመር)፣ ከፊሉ ደግሞ አዲስ መስመር የሚያስጀምር ምልክት ይሆናል። ስለዚህ እያንዳንዱን ለይተው ማስታወሻ ይያዙ።

ማስጠንቀቂያ፦ ባክስላሽን ሁሉ በአንድ ጊዜ ወደ ስላሽ የሚቀይር ትእዛዝ አይስጡ። እንዲህ ያለው ለውጥ ፓዙን ሲያስተካክል ሬጌክሱንና የመስመር ምልክቶቹን ያበላሻል፤ ስህተቱም የሚታየው ከፋይል ጋር ምንም ግንኙነት በሌለው ሌላ የፕሮግራሙ ክፍል ውስጥ ስለሆነ ምንጩን ማግኘት ከባድ ይሆናል።

ደረጃ 2፦ ሁለቱ ሲስተሞች ምልክቶቹን እንዴት እንደሚያነቧቸው ያረጋግጡ

በሊኑክስና በማክ ተርሚናል ፎልደርን ከፎልደር የሚለየው ስላሽ ብቻ ነው። ባክስላሽ እዚያ እንደማንኛውም ፊደል የስም አካል መሆን ይችላል። ዊንዶውስ በበኩሉ ባክስላሽን በዋናነት ይጠቀማል፤ ሆኖም ፕሮግራሞች ፋይል በሚከፍቱበት ጊዜ ስላሽንም በአብዛኛው ይቀበላል።

ይህ ልዩነት ብዙ ሰው እንደሚጠብቀው የስህተት መልእክት ቢያስከትል ኖሮ ችግሩ ቀላል ይሆን ነበር። ነገር ግን «ሪፖርቶች\ሐምሌ» ወደሚል ፓዝ የሚጽፍ ፕሮግራም ሊኑክስ ላይ ሲሄድ ምንም ሳይል ይጽፋል። ሰርቨሩን ከፍተው ሲያዩ «ሪፖርቶች» የሚለው ፎልደር ባዶ ሆኖ፣ ከጎኑ ሙሉ ስሙ «ሪፖርቶች\ሐምሌ» የሆነ አንድ ፋይል ተቀምጦ ያገኛሉ። ፕሮግራሙ ራሱ በዚያው የተሳሳተ ስም ስለሚያነበው ለጊዜው ሁሉም የሚሠራ ይመስላል፤ የሚሰበረው ሌላ ፕሮግራም የፎልደሩን ዝርዝር ሲጠይቅ ወይም ባክአፕ የሚይዘው ስክሪፕት «ሪፖርቶች»ን ብቻ ሲገለብጥ ነው። በተለይ ይህ ሁለተኛው ሁኔታ ከባድ ነው፤ ባክአፑ ባዶ መሆኑ የሚታወቀው ባክአፑ በተፈለገበት ቀን ነውና።

ደረጃ 3፦ ባክስላሽ በኮድ ውስጥ ያለውን ሁለተኛ ሥራ ይረዱ

በአብዛኞቹ የፕሮግራሚንግ ቋንቋዎች በጥቅስ ምልክት ውስጥ ያለ ባክስላሽ ቀጥሎ የሚመጣውን ፊደል ትርጉም ይቀይራል፤ ይህም ኤስኬፕ ይባላል። ከባክስላሽ ቀጥሎ ትንሹ የላቲን ኤን ከመጣ አዲስ መስመር፣ ትንሹ ቲ ከመጣ ታብ ይሆናል። ስለዚህ ስሙ በእነዚህ ፊደላት የሚጀምር ፎልደር በዊንዶውስ ላይ ሳይቀር ላይገኝ ይችላል። ፓይተን 3 ደግሞ ከባክስላሽ ቀጥሎ ትልቁን ዩ ሲያይ ስምንት አሃዝ ያለው የዩኒኮድ ቁጥር ይጠብቃል። በሲ ድራይቭ ላይ የተጠቃሚዎች ፎልደር የሆነው «ዩዘርስ» የሚጀምረው በዚህ ፊደል ስለሆነ ፓዙን እንዳለ ገልብጠው ሲለጥፉት ኮዱ ከመነሻው አይሄድም።

የፎልደሩ ስም በአማርኛ ሲሆን የሚፈጠረው ነገር ከቋንቋ ቋንቋ ይለያያል፤ ብዙዎችን ግራ የሚያጋባውም ይኸው ነው። ለምሳሌ በጥቅስ ምልክት ውስጥ "ሪፖርቶች\ሰኔ" ብለው ቢጽፉ፦

- ጃቫ፣ ሲሻርፕና ጎ ኮዱን አናጠናቅርም ብለው ይመልሱታል፤ ይህ ከሁሉም የተሻለው ውጤት ነው።
- ፓይተን ባክስላሹን እንዳለ ይተወዋል፤ ከ3.12 ጀምሮ ግን ማስጠንቀቂያ በግልጽ ያሳያል።
- ጃቫስክሪፕት ባክስላሹን ያለ ምንም ማስጠንቀቂያ ይጥለዋል፤ ፓዙም «ሪፖርቶችሰኔ» ሆኖ ይቀራል።
- ጄሰን (መረጃ በጽሑፍ የሚቀመጥበት ቅርጽ) ፋይል ከሆነ መላው ፋይል ሊነበብ አይችልም።

አንድ እውነተኛ ባክስላሽ የግድ ካስፈለገዎት ሁለት አድርገው "ሪፖርቶች\\ሰኔ" ብለው ይጻፉ። በፓይተን ከጥቅሱ በፊት ትንሹን አር፣ በሲሻርፕ የ@ ምልክትን ማስቀደም ባክስላሽን ተራ ፊደል ያደርገዋል። ይሁን እንጂ በፓይተን በዚህ መልክ የተጻፈ ጽሑፍ በአንድ ባክስላሽ ሊያልቅ አይችልም፤ የመጨረሻው ባክስላሽ የመዝጊያውን ጥቅስ ስለሚይዘው ጽሑፉ ሳይዘጋ ይቀራል።

ሬጌክስ ሲጨመር አንባቢዎቹ ሁለት ይሆናሉ። ጃቫ ውስጥ ፓዝን በባክስላሽ ለመከፋፈል በኮዱ ላይ አራት ባክስላሽ የሚጻፈው በዚህ ምክንያት ነው፤ ቋንቋው አራቱን ወደ ሁለት፣ ሬጌክሱ ደግሞ ሁለቱን ወደ አንድ ይቀንሳቸዋል። ስንት ባክስላሽ እንደሚያስፈልግ ከመገመት ይልቅ ጽሑፉን በየተራ የሚያነቡት ስንት እንደሆኑ ይቁጠሩና ለእያንዳንዱ አንባቢ እጥፍ ያድርጉ።

ደረጃ 4፦ ፓዝን ከክፍሎቹ ያስገጥሙ

አሁን በደረጃ 1 የለዩዋቸውን መስመሮች አንድ በአንድ ያስተካክሉ። ደንቡ መለያ ምልክቱን ራስዎ እንዳይጽፉት፣ ይልቁንም ክፍሎቹን ብቻ ሰጥተው ቋንቋው እንዲያገጥማቸው ማድረግ ነው። በፓይተን ፓዝሊብ የሚባለው ላይብረሪ ካለ እንዲህ ይጻፋል፦

ፓዝ = መነሻ / "ሪፖርቶች" / "ሐምሌ"

እዚህ ላይ የሚታየው ስላሽ ከጥቅሱ ውጭ ስለሆነ የማገጣጠሚያ ትእዛዝ እንጂ የፓዙ አካል አይደለም፤ ዊንዶውስ ላይ ውጤቱ በባክስላሽ፣ ሊኑክስ ላይ በስላሽ ይወጣል። በኖድ (ጃቫስክሪፕትን ከብራውዘር ውጭ በሚያስኬደው) ፓዝ ጆይን፣ በሲሻርፕ ፓዝ ኮምባይን፣ ከጃቫ 11 ጀምሮ ፓዝ ኦፍ ይህንኑ ይሠራሉ። በጎ የሚጠቀሙ ከሆነ ፋይልፓዝ የሚባለውን ፓኬጅ ይምረጡ፤ ፓዝ ብቻ የሚባለው ሁልጊዜ በስላሽ ስለሚያገጥም የሚያገለግለው ለድረ ገጽ አድራሻ ነው።

ማስጠንቀቂያ፦ በፓይተንም ሆነ በሲሻርፕ ሁለተኛው ክፍል በስላሽ ከጀመረ የመጀመሪያው ክፍል ይጣላል። «መነሻ / "/ሪፖርቶች"» ማለት ሊኑክስ ላይ ከዲስኩ ሥር የሚጀምር ሌላ ቦታ ማለት ነው። ስለዚህ ከመነሻው ቀጥሎ የሚመጡ ክፍሎች በስላሽ መጀመር የለባቸውም።

ደረጃ 5፦ መነሻውን በአንድ ቦታ ብቻ ይግለጹ

ፋይሎቹ የሚቀመጡበትን ዋና ፎልደር በኮንፊግ ፋይል ወይም በኢንቫይሮንመንት ቫሪያብል (ሲስተሙ ለፕሮግራሙ በሚያቀብለው እሴት) ውስጥ አንድ ጊዜ ብቻ ይጻፉት፤ ሌላው ሁሉ ከእርሱ ይነሳ። ኮንፊጉ ጄሰን ከሆነ ዊንዶውስ ላይም ቢሆን በስላሽ፣ ለምሳሌ "ዲ:/ሰነዶች" ብሎ መጻፍ ኤስኬፕ ከማድረግ ያሳርፋል። ፕሮግራሙ ከየት ፎልደር እንደተነሳ ታሳቢ በማድረግ አይሥሩ፤ ሰርቨር ላይ በሰርቪስነት ወይም በክሮን (ሥራን በተወሰነ ሰዓት በሚያስጀምረው የሊኑክስ ፕሮግራም) ሲጀመር የሚነሳበት ፎልደር ላፕቶፕዎ ላይ ከነበረው የተለየ ነው።

ደረጃ 6፦ ከሰው የሚመጣ ስምን በቀጥታ ፓዝ ውስጥ አያስገቡ

እስካሁን ያለው በየትኛውም አገር ለሚገኝ ፕሮግራመር የሚሠራ ነው። ይህ ደረጃ ግን በአማርኛ ለሚሠራ ሰው በተለየ ሁኔታ አስፈላጊ ስለሆነ ጊዜ ወስደው እንዲያነቡት እጠይቃለሁ።

አማርኛ ስምን የሚያሳጥረው በእዝባር ነው። ጽ/ቤት፣ ት/ቤት፣ ክ/ከተማ፣ ወ/ሮ፣ ዶ/ር፣ ገ/ማርያም፣ ኃ/ሥላሴ እንላለን፤ የደብዳቤ ቁጥርና ቀንም በእዝባር ተከፋፍለው ይጻፋሉ። ኮምፒውተሩ ግን ይህን ምልክት የሚያውቀው ፎልደር የሚለይ ስላሽ አድርጎ ብቻ ነው፤ ዊንዶውስም ሊኑክስም በዚህ አይለያዩም።

አንድ ክሊኒክ የታካሚውን ሰነድ በስሙ እንዲያስቀምጥ ተደርጎ የተጻፈ ፕሮግራም እንውሰድ። «ገ/ማርያም» የሚል ስም ሲገባ ፕሮግራሙ «ገ» የሚባል ፎልደር ይፈልጋል፤ ፎልደሩ ስለሌለ ስህተት ይሰጣል። ፕሮግራመሩ ስህተቱን ለማስወገድ «የሌለ ፎልደር ካለ ፍጠር» የሚል መስመር ሲጨምር ነገሩ ይባስ ይሰወራል፤ «ገ» የሚባል ፎልደር ይፈጠርና ገ/ማርያም፣ ገ/ሚካኤልና ገ/ሕይወት ሁሉ «ማርያም»፣ «ሚካኤል»ና «ሕይወት» ሆነው እዚያ ውስጥ ይገባሉ። ዋናውን ፎልደር የሚዘረዝረው ገጽ አያያቸውም። «ታቦር ክ/ከተማ» በሚል ስም የሚቀመጥ ሪፖርትም «ታቦር ክ» በሚባል ፎልደር ውስጥ «ከተማ» ሆኖ ይቀራል።

ሌሎችም ወጥመዶች አሉ። ዊንዶውስ በፋይል ስም ውስጥ < > : " / \ | ? * የሚሉትን 9 ምልክቶች አይፈቅድም። ሰዎች የደብዳቤን ርእስ ገልብጠው ፋይሉን «ጉዳዩ: የዕረፍት ፈቃድ» ሲሉት፣ ሁለት ነጥቡ ከላቲን ኪቦርድ የመጣ ከሆነ፣ ኤንቲኤፍኤስ በተባለው የዊንዶውስ ፋይል ሲስተም በተዘጋጀ ዲስክ ላይ በኮድ የተጻፈው ፋይል «ጉዳዩ» ተብሎ በ0 ባይት ይታያል፤ ይዘቱ ከዓይን በተሰወረ ተጓዳኝ ክፍል ውስጥ ይገባል። የአማርኛው ፦ ግን የተፈቀደ ነው። በነጥብ ወይም በባዶ ቦታ የሚያልቅ ስምንም ዊንዶውስ መጨረሻውን ቆርጦ ስለሚያነበው «2017 ዓ.ም.» የሚባል ፎልደር ሊኑክስ ላይ ተፈጥሮ ዊንዶውስ ላይ ሲደርስ አይከፈትም።

ርዝመትም ይለያያል። በሊኑክስ የተለመዱ የፋይል ሲስተሞች ላይ አንድ ስም ከ255 ባይት መብለጥ የለበትም፤ አንድ የግእዝ ፊደል በዩቲኤፍ-8 (ፊደላትን ወደ ባይት በሚቀይረው የተለመደ አሠራር) 3 ባይት ስለሚወስድ የአማርኛ ስም ጣሪያው 85 ፊደል ነው። ዊንዶውስ ግን የሚቆጥረው ባይት ስላልሆነ 100 ፊደል ያለውን ስም ይቀበላል፤ በአንጻሩ በተለመደው አሠራሩ መላው ፓዝ ከ260 ምልክት እንዳይበልጥ ይገድባል። ረጅም የደብዳቤ ርእስ የፋይል ስም ሲሆን ዊንዶውስ ላይ ተቀምጦ ሊኑክስ ላይ እምቢ የሚለው ለዚህ ነው።

ለእነዚህ ሁሉ የምመክረው መፍትሔ የሚከተለው ነው፦

ሀ. ፋይሉን ዲስክ ላይ በዳታቤዙ መለያ ቁጥር ይሰይሙት። ሰው የሚያነበውን ስም ከእነእዝባሩ በዳታቤዝ ውስጥ በራሱ ዐምድ ያስቀምጡ፤ ተጠቃሚው ሲያወርደው ያን ጊዜ ስሙን ይስጡት።

ለ. ስሙ ዲስክ ላይ የግድ መታየት ካለበት 9ኙን ምልክቶች በሰረዝ ይተኩ፣ መጨረሻ ላይ ያለ ነጥብንና ባዶ ቦታን ያስወግዱ፣ ርዝመቱንም ከ60 ፊደል ባልበለጠ ይቁረጡና መጨረሻው ላይ መለያ ቁጥሩን ይጨምሩ። ቁጥሩን መጨመር ያስፈለገው «12/3» እና «12-3» ከተተኩ በኋላ አንድ ዓይነት ስለሚሆኑና አንዱ ሌላውን ስለሚያጠፋው ነው። ስሙ በሰረዝ እንዳይጀምርም ያድርጉ፤ የተርሚናል ትእዛዞች በሰረዝ የሚጀምርን ስም እንደ አማራጭ ይቆጥሩታል።

ሐ. ስላሽን በሚመስል ሌላ የዩኒኮድ ምልክት አይተኩ። በዓይን ደስ ቢልም ማንም በኪቦርድ ጽፎ ሊፈልገው አይችልም።

የሞክሼ ፊደላት ጉዳይም እዚሁ ላይ ይነሳል። ሐዋሳና ሀዋሳ ለሚያነብ ሰው አንድ ከተማ ናቸው፤ ለፋይል ሲስተሙ ግን ሁለት የተለያዩ ፎልደሮች ናቸው። ፎልደር ከስም የሚፈጥር ፕሮግራም ካለዎት ስሙን ለመፈለጊያነት ሲጠቀሙ ሐ እና ኀን ወደ ሀ፣ ሠን ወደ ሰ፣ ዐን ወደ አ፣ ፀን ወደ ጸ ከነዝርያዎቻቸው ይመልሱ፤ ለሰው የሚታየውን ስም ግን ባለቤቱ እንደጻፈው ይተዉት። በላቲን ፊደል የተጻፉ ስሞች ላይ ተመሳሳዩ ችግር በትልቅና በትንሽ ፊደል ይመጣል፤ ሊኑክስ ይለያቸዋል፣ ዊንዶውስና ማክ በተለመደው አሠራራቸው አይለዩአቸውም።

ማስጠንቀቂያ፦ ከተጠቃሚ በመጣ ስም ውስጥ ሁለት ነጥብና ስላሽ ተከታትለው «../» ሆነው ከገቡ ፓዙ ከመነሻው ፎልደር ወጥቶ ወደ ሌሎች የሰርቨሩ ፋይሎች ይደርሳል። ፓዙን ካገጣጠሙ በኋላ ወደ ሙሉ ፓዝነት ፈትተው አሁንም በመነሻው ውስጥ መሆኑን የሚያረጋግጥ መስመር ይጨምሩ። ይህን ማጣራት ከማገጣጠሙ በፊት ማድረግ አይበቃም።

ደረጃ 7፦ የሚቀመጥና የሚላክ ፓዝ ሁልጊዜ በስላሽ ይሁን

ዳታቤዝ፣ ጄሰንና ዚፕ ውስጥ የሚገባ ፓዝ ከመነሻው በኋላ ያለውን ክፍል ብቻ የያዘና በስላሽ የተጻፈ መሆን አለበት። በፓይተን አዝ ፖዚክስ የሚባለው ትእዛዝ ይህን ይሠራል። ዊንዶውስ ላይ ተፈጥሮ «ሪፖርቶች\ሐምሌ» ብሎ የተቀመጠ መስመር ዳታቤዙ ወደ ሊኑክስ ሲዛወር አይነበብም፤ «ሪፖርቶች/ሐምሌ» ግን ሁለቱም ጋ ይነበባል። የድረ ገጽ አድራሻ ሲያዘጋጁ ደግሞ የአማርኛውን ስም በእጅ አይለውጡ፤ የቋንቋውን የአድራሻ ኢንኮዲንግ ትእዛዝ ይጠቀሙ። አንድ የግእዝ ፊደል በአድራሻ ውስጥ 9 ምልክት ይሆናል።

ደረጃ 8፦ ለሌላ ፕሮግራም ሲያስተላልፉ በዝርዝር ይስጡ

ፓዙን ከትእዛዝ ጋር በአንድ ጽሑፍ አያይዘው ለተርሚናል ከላኩ «የሐምሌ ሪፖርት» የሚለው ስም በባዶ ቦታው ምክንያት ሁለት ስም ይሆናል። ባሽ፣ ፓወርሼልና የዊንዶውሱ ሲኤምዲ የኤስኬፕ ምልክታቸው የተለያየ ስለሆነ ለሁሉም የሚሆን አንድ አጻጻፍ አያገኙም። በፓይተን ሰብፕሮሰስ፣ በኖድ ደግሞ ስፖን ሲጠቀሙ ትእዛዙንና ፓዙን የየራሳቸው አባል አድርገው በዝርዝር ይስጡ፤ ያን ጊዜ ኤስኬፕ ማድረግ አያስፈልግዎትም።

ደረጃ 9፦ በሁለቱም ላይ ይሞክሩ፣ የቆየውንም ያስተካክሉ

የፓይተን ፓዝሊብ የዊንዶውስንም የሊኑክስንም ደንብ በአንድ ማሽን ላይ የሚያስሞክሩ ፒውር የሚል ቅጥያ ያላቸው ክላሶች አሉት፤ በኖድም ዊን32 እና ፖዚክስ የሚባሉ ክፍሎች አሉ። በደብልዩኤስኤል ሲሞክሩ ኮዱን በሊኑክሱ የራሱ ፎልደር ውስጥ ያድርጉት፤ ከዊንዶውስ ዲስክ ላይ ካስኬዱት የዊንዶውስ ጠባይ ስለሚከተለው ሙከራው እውነተኛ አይሆንም። ለሙከራ ቢያንስ እነዚህን ስሞች ያስገቡ፦ «ወ/ሮ»፣ «2017 ዓ.ም.»፣ «ጉዳዩ: ፈቃድ»፣ «የሐምሌ ሪፖርት»፣ እና 90 ፊደል ያለው ስም።

ሰርቨሩ ላይ ቀድሞ በስማቸው ውስጥ ባክስላሽ ይዘው የተፈጠሩ ፋይሎች ካሉ ስማቸውን በባክስላሽ ከፋፍሎ ወደ ትክክለኛው ፎልደር የሚያዛውር አጭር ስክሪፕት ይጻፉ። ስክሪፕቱ ከማዛወሩ በፊት መድረሻው ላይ በዚያ ስም ሌላ ፋይል አለመኖሩን ያጣራ፤ መጀመሪያ የሚያዛውረውን ዝርዝር ብቻ እንዲያትም አድርገው ያንብቡት፣ ከዚያ በኋላ ያስኬዱት።

የተለመዱ ስህተቶች

- ሲስተሙን በኢፍ ለይቶ ለዊንዶውስ ባክስላሽ፣ ለሊኑክስ ስላሽ መጻፍ። ይሠራል፤ ነገር ግን በእያንዳንዱ መስመር መደገም ስላለበት አንዱ መረሳቱ አይቀርም።
- የፎልደር ፓዝን ዊንዶውስ ተርሚናል ላይ "ዲ:\ሰነዶች\" ብሎ በባክስላሽ መዝጋት። ብዙ ፕሮግራሞች የመጨረሻውን ባክስላሽ ከጥቅሱ ጋር አያይዘው ስለሚያነቡት ቀጥሎ ያለው ሁሉ የፓዙ አካል ይሆናል።
- የብዙ ፎልደሮችን ዝርዝር የሚለየውን ምልክት ከፓዝ መለያው ጋር ማደባለቅ። ዝርዝሩ በዊንዶውስ በ ; ምልክት፣ በሊኑክስ ደግሞ በ : ይለያል።
- በጊት ኢግኖር ፋይል ውስጥ በባክስላሽ መጻፍ። እዚያ ባክስላሽ ኤስኬፕ ስለሆነ እንዳይገባ የታሰበው ፎልደር ይገባል፤ ዊንዶውስ ላይም ቢሆን በስላሽ ይጻፉ።
- ፋይሉ ተከፍቶ ጽሑፉ የማይነበብ ሲሆን ፓዙን መጠርጠር። ይህ የኢንኮዲንግ ችግር ነው፤ ፋይሉን ሲከፍቱ ዩቲኤፍ-8 መሆኑን በግልጽ ይጻፉ።